አንድ ቤተ ሰብ በአንድ የቀን መቁጠሪያ

ክረምቱ ሊሰናበት ሲቃረብ፣ ደመናው ተገፎ ሜዳውና ጋራው አደይ አበባ ሲለብስ፣ ሕፃናት ጳጉሜን 3 ቀን በሩፋኤል ዝናብ ተጠምቀው ለአበባዮሽ ሲዘገጃጁ፣ በየቤቱ አንዲት ትንሽ ሥራ ትከናወናለች። ያለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ከግድግዳው ይወርዳል፤ አዲሱም በዚያው ምስማር ላይ ይሰቀላል። ሥራዋ ከአንድ ደቂቃ አታልፍም። ይሁን እንጂ የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት፣ የጽዋ ማኅበሩ ተራ፣ የዕድሩ ቀን፣ የክርስትናው፣ የሠርጉና የተዝካሩ ቀጠሮ ሁሉ በዚያች ምስማር ላይ ይንጠለጠላል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚህ የዘመን መለወጫ ዕለት ልናወጋ የፈለግነው፣ አንዲት ምስማር ስለማትበቃው ቤተ ሰብ ነው። ልጆች ተምረውና ሥራ ፍለጋ ወጥተው በልዩ ልዩ አገር ሲኖሩ፣ ሁሉም ጠዋት ጠዋት ቀና ብሎ የሚያየው አንድ ግድግዳ አይኖርም። ስለሆነም በእጅ ስልክና በኮምፒዩተር የሚሠራ የጋራ የቀን መቁጠሪያ የሚያዘጋጁ ቤተ ሰቦች አሉ። እኛም በቤታችን ይህንኑ ሞክረናል። በመጀመሪያ ተሳሳትን፤ ከስሕተታችንም ተማርን። ለውድ አንባብያን የምናካፍለውም ይህንኑ ነው።

በእናታችን ዘመን

እናታችን በሕይወት ሳሉ የቤታችን ቀን መቁጠሪያ እርሳቸው ነበሩ። ቀኑን የሚጠሩት በቁጥር ሳይሆን በታቦት ስም ነበር። ብድር የሚመለሰው በሚካኤል ማግሥት፣ እህል የሚፈጨው ከኪዳነ ምሕረት በፊት፣ ዘመድ የሚጠየቀው በመድኃኔ ዓለም ሳምንት ነበር። ወር በገባ በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም መሆኑን እንደ ልጆቻቸው ስም ያውቁት ነበር። የማኅበሩ ጽዋ በየትኛው ወር ወደ ቤታችን እንደሚመጣ ማንም ሳይነግራቸው ያስታውሳሉ፤ ከዚያም ቀኑን ወደ ኋላ ቆጥረው ጌሾው የሚወቀጥበትን፣ ጠላው የሚጠነሰስበትን ዕለት ይወስናሉ።

እኛ አራት ወንድማማቾችና እኅትማማቾች ነን። ጋሼ ብለን የምንጠራው ታላቅ ወንድማችን በአሜሪካ በዋሽንግተን አካባቢ፣ ታናሽ እኅታችን በዱባይ፣ የቀረነው ሁለታችን በአዲስ አበባ እንኖራለን። እናታችን ሳሉ ይህ መራራቅ ብዙም አይሰማንም ነበር። ጾሙ ሊገባ ሲል ወደ ሁላችንም ስልክ ያስደውላሉ፤ የአባታችንን ሙት ዓመት ከሳምንት በፊት ያስታውሱናል። እኛ ማስታወስ የሚባለውን ሥራ ሠርተነው አናውቅም። እርሳቸው ይሠሩልን ነበርና።

ጥቅምት 20 ቀን 2015 ዓ.ም. እናታችን ዐረፉ። 40ውን ጎረቤትና የንስሓ አባታችን አስታውሰውን በወጉ አወጣን። ከዚያ በኋላ ግን ቤቱ ቀን የማያውቅ ቤት ሆነ። የጽዋው ተራ መድረሱን ያወቅነው ከማኅበርተኞቹ አንዲት እናት መንገድ ላይ አግኝተው ዝግጅታችን እንዴት እንደሆነ ሲጠይቁን ነበር። በዱባይ ያለችው እኅታችን የነነዌ ጾም መግባቱን የሰማችው በሁለተኛው ቀን ነው። እያንዳንዳችን ሌላው ያስታውሳል ብለን እንተዋለን፤ በመጨረሻም ማንም አያስታውስም።

የአንዲት ቀን ልዩነት

በዚህ ጊዜ ጋሼ አንድ ሐሳብ አመጣ። በኮምፒዩተሩ ላይ ጉግል ካሌንደር በተባለው የቀን መቁጠሪያ ውስጥ ለቤተ ሰቡ የሚሆን አዲስ መቁጠሪያ ከፈተ፤ ስሙንም በእናታችን ስም ሰየመው። ከዚያም የሦስታችንን የኢሜይል አድራሻ አስገብቶ ግብዣ ላከልን። በመልእክቱ የመጣውን ማያያዣ ስንነካው መቁጠሪያው በየስልካችን ላይ ታየ። አንዱ የጻፈውን ሁሉም ያያል። ጋሼ ልደቶችን፣ ታላላቅ በዓላትንና የወላጆቻችንን ሙት ዓመት ጽፎ እያንዳንዱ በየዓመቱ እንዲደጋገም አዘዘው። ሁላችንም እፎይ አልን።

እናታችን ያረፉበት ጥቅምት 20 ቀን 2015 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 30 ቀን 2022 ነበር። ጋሼም ኦክቶበር 30 ብሎ መዘገበው። ዓመቱ ሲደርስ ማሳሰቢያው ሳይዛነፍ መጣለት። ለዚያ ቀን ከሥራው ፈቃድ ወሰደ። በአዲስ አበባ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን በዋሽንግተን ገና ሌሊት 8 ሰዓት ነው። በዚያ ሌሊት ተነሥቶ፣ ጧፍ አብርቶ፣ የእናታችንን ፎቶግራፍ ፊቱ አድርጎ፣ ጸሎቱን በስልክ ለመስማት ደወለ።

እኛ ስልኩን ያነሣነው ከማድ ቤት ነበር። ለማግሥቱ ተዝካር ሽንኩርት እየከተፍን ነበርና። ጥቅምት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. የዋለው በኦክቶበር 31 ነው። ጋሼ በአንድ ቀን ቀድሞናል። የወሰደው ፈቃድ የአንድ ቀን ብቻ ስለነበረና በማግሥቱ የሌሊት ተረኛ ስለሆነ፣ ካህናቱ ጸሎቱን ሲያደርሱ እርሱ ሥራ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ስለዚሁ ነገር አንሥቶ አልተናገረም። ዝምታው ግን ከወቀሳ ይልቅ ከበደን።

ሒሳቡ የት ላይ ተፋለሰ?

ነገሩን ያስረዱን የንስሓ አባታችን ናቸው። እንደሚታወቀው በአገራችን አቆጣጠር 12ቱ ወራት እኩል 30፣ 30 ቀን አላቸው። ጳጉሜን 5 ቀን ስትሆን በየ4 ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ፣ 6 ትሆናለች። 2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ነበር። በመሆኑም የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 የዋለው በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በሴፕቴምበር 12 ነው። አውሮፓውያን ተጨማሪዋን ቀን የሚያገኙት በፌብሩዋሪ 29 ስለሆነ፣ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ድረስ ሁለቱ አቆጣጠሮች ከተለመደው በአንዲት ቀን ተራርቀው ይጓዛሉ። መስቀል በሴፕቴምበር 28፣ ጥምቀት በጃንዋሪ 20 የዋለው በዚሁ ምክንያት ነው። የእናታችን ሙት ዓመትም በዚያች መካከል ገብቶ ነበር።

ልደትን በተመለከተ ግን ነገሩ ይለያል። በዘመነ ዮሐንስ የልደት በዓል ታኅሣሥ 29 ሳይሆን ታኅሣሥ 28 ቀን ስለሚከበር፣ በአውሮፓውያኑ ጃንዋሪ 7 ላይ ይጸናል። ስለዚህ ስልኩ ልደትን በትክክል እያስታወሰ ጥምቀትን ሊስት ይችላል። አንዱ ሲሰምር አይተው ሌላውንም የሚያምኑ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ይኸው ልዩነት እንደገና የሚመጣው በ2020 ዓ.ም. ነው። 2019 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ በመሆኑ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች፤ የ2020 መስከረም 1 ቀንም በሴፕቴምበር 12 ቀን 2027 ይውላል።

ወርኃዊ በዓላትም ቢሆኑ በአውሮፓውያኑ ወር ሊደጋገሙ አይችሉም። የእነርሱ ወር ከ28 እስከ 31 ቀን ነውና «በየወሩ በዚህ ቀን» ተብሎ የታዘዘ ስልክ ሚካኤልን ከሁለት ወር በኋላ የት እንደሚጥለው አይታወቅም። ተንቀሳቃሾቹ አጽዋማትና በዓላት ደግሞ በየዓመቱ በባሕረ ሐሳብ የሚወጡ ናቸው። ነነዌ ከጥር 17 እስከ የካቲት 21፣ ትንሣኤም ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ድረስ ይመላለሳሉ። በ2016 ዓ.ም. ትንሣኤ ሚያዝያ 27፣ በ2017 ሚያዝያ 12፣ በ2018 ሚያዝያ 4 መዋሉን ማስታወስ ይበቃል። ይህን ሁሉ አንድ ጊዜ ጽፎ ለዘለዓለም መተው አይቻልም። ስሕተታችንም መተዋችን ላይ ነበር።

በጳጉሜን የምንሠራው ሥራ

ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ጳጉሜን በገባች ቁጥር አራታችንም በስልክ ተያይተን በአንድ ላይ እንቀመጣለን። የግድግዳው መቁጠሪያ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ አንዱ ያነብባል፣ አንዱ ይጽፋል፣ ሁለቱ ያርማሉ። ሥራው የአንድ ምሽት ነው። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ ወርኃዊ በዓላትን እናስገባለን። ከ12ቱ ወራት እያንዳንዱ 30 ቀን ስለሆነ፣ መስከረም 12ን ጽፈን «በየ30 ቀኑ ይደጋገም፣ ከ12 ጊዜ በኋላ ይቁም» ብለን እናዛለን። ሚካኤል ከመስከረም እስከ ነሐሴ አንድም ሳይዛነፍ በ12 ይውላል። 12 ጊዜ ላይ ማቆሙን የረሳ ሰው ግን ጳጉሜን ስትገባ ሒሳቡ ይፋለስበታል።

ቀጥሎ ቋሚ በዓላትንና የቤተ ሰቡን ቀናት፣ ማለትም ልደትን፣ ክርስትናን፣ የጋብቻ መታሰቢያንና ሙት ዓመትን፣ ከግድግዳው መቁጠሪያ ጋር እያመሳከርን ለዚያው ዓመት ብቻ እንጽፋለን። በየዓመቱ እንዲደጋገሙ አናዝዝም።

ሦስተኛው ተንቀሳቃሾቹ ናቸው። ለዚህ ዋናው የነነዌን ቀን ማወቅ ነው። ለምሳሌ የ2019ን ስናሰላ 5500 ዓመተ ዓለምን ስንደምር 7519 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 14 ይተርፋል፤ አንዱን ስንቀንስ ወንበሩ 13 ነው። 13 በ19 ሲባዛ 247፣ በ30 ሲገደፍ 7 ይቀራል፤ መጥቅዑ 7 ነው ማለት ነው። መጥቅዕ ከ14 ሲያንስ በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት ይውላል። ጥቅምት 7 ቀን 2019 ዓ.ም. ቅዳሜ ነው፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነው። 7 እና 8 ሲደመሩ 15፤ ነነዌም የካቲት 15 ትገባለች። ከዚያ ወዲያ ሌላው ሁሉ በመቁጠር የሚገኝ ነው። ከነነዌ በ14ኛው ቀን ዐቢይ ጾም፣ በ62ኛው ሆሣዕና፣ በ67ኛው ስቅለት፣ በ69ኛው ትንሣኤ፣ በ108ኛው ዕርገት፣ በ118ኛው ጰራቅሊጦስ ነው። በዚህም መሠረት የ2019 ዐቢይ ጾም የካቲት 29፣ ሆሣዕና ሚያዝያ 17፣ ስቅለት ሚያዝያ 22፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 24፣ ዕርገት ሰኔ 3፣ ጰራቅሊጦስ ሰኔ 13 ይሆናል። በቤታችን ይህን ሒሳብ የሚያወጡት ልጆቹ ናቸው። ያገኙትንም ቤተ ክርስቲያን ከምታውጀው ጋር ያመሳክራሉ። በዋሽንግተን የተወለደው የጋሼ ልጅ ወንበርና መጥቅዕ የሚባሉትን ቃላት የለመደው በዚህ ምሽት ነው።

በዓሉን የምንጽፈው «ሙሉ ቀን» በሚለው ክፍል ነው። ሙሉ ቀን ተብሎ የተጻፈ በዓል በየትም አገር ያው ቀን ሆኖ ይታያልና። ሰዓት የሚያስፈልገው ጉዳይ ሲሆን ግን በአዲስ አበባ ሰዓት መሆኑን ለይተን እንጽፋለን፤ ስልኩ ለዱባይ አንድ ሰዓት ጨምሮ፣ ለዋሽንግተን በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ቀንሶ ያሳያል። የጠዋቱ 3 ሰዓት በስልኩ አቆጣጠር 9 መሆኑንም አንረሳም። አንድ ጊዜ 3 ብለን በመጻፋችን ማሳሰቢያው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጮኾ ቤቱን ሁሉ ቀስቅሷል።

ማሳሰቢያን በተመለከተ ያልጠበቅነው ነገር ገጥሞናል። ጋሼ በራሱ ስልክ ላይ ያደረገው ማሳሰቢያ ለሁላችንም የሚደርስ መስሎን ነበር። አይደርስም። እያንዳንዱ ሰው በየራሱ ስልክ ላይ ማዘዝ ይኖርበታል። የማሳሰቢያው ጊዜም እንደ ሥራው መሆን አለበት። ለጾም መግቢያ የአንድ ቀን ማሳሰቢያ ይበቃል፤ ጠላ ለሚጠነስስ ሰው ግን የዋዜማ ማሳሰቢያ ምን ይረባዋል? ለጽዋው ተራ ከ2 ሳምንት በፊት እንዲያስታውሰን አድርገናል።

የመጻፍ ሥልጣንም ለሁሉ አይሰጥም። መቁጠሪያው «ማየት ብቻ» እና «መለወጥ» የሚሉ ፈቃዶች አሉት። በመጀመሪያ ለልጆቹ ሁሉ መለወጥን ፈቅደን ነበር። ከትንንሾቹ አንዱ በጨዋታ ጥምቀትን ሰረዘው፤ ከሁላችንም ስልክ ጠፋ። ደግነቱ የተሰረዘው በመጣያው ውስጥ ለ30 ቀን ያህል ስለሚቆይ መልሰን አወጣነው። ዛሬ የሚጽፉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ በአገር ቤት፣ አንዱ በውጭ።

ስልክ የማይጠቀሙትን አክስታችንንም አልዘነጋናቸውም። የመቁጠሪያው ግልባጭ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ በእናታችን ምስማር ላይ ይሰቀላል። መብራት ሲጠፋ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ እኛም ወደዚያው እንሮጣለን።

በመቁጠሪያው የማይጻፍ

ከሁሉ ይልቅ ዋጋ ያስከፈለንን ትምህርት ለመጨረሻ አቆይተነዋል። አጎታችን ባረፉ ጊዜ፣ ከዘመዶቻችን አንድ ወጣት ሁሉም እንዲያውቀው ብሎ በቅን ልብ የቀብሩን ሰዓት በጋራው መቁጠሪያ ላይ ጻፈው። በዱባይ ያለችው እኅታችን ሥራ ላይ ነበረች። ስልኳን ስትከፍት የአጎቷን ስምና «ቀብር» የሚለውን ቃል ጎን ለጎን አነበበች። አጠገቧ አማርኛ የሚሰማ አንድም ሰው አልነበረም። እጇን የያዘ፣ ውኃ ያቀበለ፣ አብሮ ያለቀሰ አልነበረም።

መርዶ በአገራችን ወግ አለው። ሽማግሌና የቅርብ ዘመድ ተሰባስበው፣ በማለዳ፣ ሰው ቤቱ ሳለ ይነገረዋል። ይህ ወግ የቆመው ሐዘንተኛ ብቻውን እንዳይሆን ነው። በውጭ አገር ላሉ ወገኖች ደግሞ በዚያው የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ይፈለግና ከጎናቸው እስኪቆም ይጠበቃል። እኛ ግን ለፍጥነት ብለን ይህን በአንዲት መስመር አፈረስነው። እኅታችንን በስልክ ይቅርታ ጠይቀናታል። እርሷም ይቅር ብላናለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን የጸና ሕግ አለ። ሕመምና ዕረፍት መርዶው በወጉ ለሁሉም ሳይደርስ በመቁጠሪያው ላይ አይጻፍም። የሆስፒታል ቀጠሮ የሚጻፈው ታማሚው ራሱ ከፈቀደ ነው። የጋብቻ ጉዳይም ሽማግሌ ተልኮ እሺታ ሳይገኝ አይሰፍርም። እናታችን ብዙ ያውቁ ነበር፤ የሚያውቁትን ሁሉ ግን ለሁሉም አይናገሩም ነበር።

ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ሁለተኛው ሙት ዓመት ደረሰ። በአውሮፓውያኑ ኦክቶበር 30 ነበር። ካህናቱ ጸሎቱን ሲጀምሩ ስልኩን ከእናታችን ፎቶግራፍ አጠገብ አቆምነው። በአንደኛው ወገን ጋሼ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነጠላውን አጣፍቶ ቆሟል፤ ልጁም አጠገቡ ነው። በሌላው ወገን እኅታችን ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ ተቀምጣለች። አራታችንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ተገኘን። ጋሼ ከጸሎቱ በኋላ ሽንኩርቱ ተከትፎ እንደሆነ ጠየቀን፤ ሳቅንም አለቀስንም።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ የዘመን መለወጫ ዕለት ቤተ ሰቡ በተሰበሰበበት፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ፣ የግድግዳውን መቁጠሪያ አውርዳችሁ ዘርጉት። አያት ወይም እናት በሕይወት ካሉ ከአጠገባቸው ተቀመጡና የሚያውቁትን ቀን ሁሉ ጠይቋቸው። የአያት ቅድመ አያት ሙት ዓመት መቼ ነው? የማኅበሩ ተራ በየትኛው ወር ይደርሳል? ስእለቱ ለማን ነበር? የነገሯችሁን ጻፉ፤ በሩቅ ላሉትም አካፍሉ። እኛ ይህን ሳንጠይቅ የቀረናቸው ብዙ ቀናት አሉ፤ ከእንግዲህ የሚነግረን የለም።

ዘመኑን የሰላም፣ የጤናና የመሰባሰብ ያድርግልን። እንኳን አደረሳችሁ።